የመጀመሪያ ደንበኛ ሁኑልን

(በአዲስ አበባ ትልልቅ ድርጅቶችና ስታርትአፖች፣ ማለትም አዲስ የተቋቋሙ ትንንሽ የቴክኖሎጂ ድርጅቶች፣ በተገናኙበት መድረክ ላይ የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።)

የተከበራችሁ የባንክና የኢንሹራንስ ኃላፊዎች፣ የፋብሪካ ባለቤቶች፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጣችሁ እንግዶች፣ ውድ ወጣት መስራቾች፣ እንደምን ዋላችሁ! ከምሳ በኋላም አዳራሹ እንደሞላ በማየቴ በጣም ደስ ብሎኛል። አዘጋጆቹን ከልብ አመሰግናለሁ።

ጠዋት ከዚህ መድረክ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል ደጋግመን ሰምተናል። እውነት ነው። እኔ የተሰጠኝን ጊዜ ድሩ የሚበጠስበትን ቦታ ለማሳየት ልጠቀምበት። ቦታው ግዥ ክፍል ነው። ቦታው ፋይናንስ ክፍል ነው። ቦታው ፊርማ የሚጠብቅ ፋይል የተቀመጠበት ጠረጴዛ ነው።

እኔ በሁለቱም ወገን ሠርቻለሁ። መጀመሪያ በአንድ ትልቅ የፋይናንስ ድርጅት የቴክኖሎጂ ክፍል ነበርኩ። አሁን ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት ውስጥ ነኝ። ሁለቱንም ወገን እወዳለሁ። ስለዚህ ያየሁትን ሳልሸፋፍን ብናገር እንደማትቀየሙኝ አምናለሁ።

ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛው ለትልልቆቹ ነው፤ ረጅሙም እሱ ነው። ሁለተኛው ለወጣቶቹ። ሦስተኛው ስለ ውል ነው፤ ሁላችንንም ይመለከታል።

ከዚያ በፊት ግን እንዴት እዚህ እንደደረስን ባጭሩ ላስታውስ። በእኛ አገር በፋይናንሱ ዘርፍ ትልቅና ትንሽ አብሮ መሥራት የጀመረው ወዶ ብቻ አይደለም። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው መመሪያ የሞባይልና የወኪል ባንክ አገልግሎት መስጠት የሚችሉት የፋይናንስ ተቋማት ብቻ ነበሩ። የቴክኖሎጂ ድርጅት ለብቻው መግባት አይችልም ነበር። የግድ ባንክ ወይም ማይክሮፋይናንስ ሥር መጠለል ነበረበት። ኤም-ብር የተባለው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ከማይክሮፋይናንስ ተቋማት ጋር የሠራው በዚህ ምክንያት ነው። የሴፍቲኔት ተረጂዎች ገንዘባቸውን በስልክ እንዲያገኙ ያደረገውም ይኸው ጥምረት ነው። ሌላው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ሄሎካሽ ከአንበሳ ኢንተርናሽናል ባንክና ከሌሎች ጋር ሠራ። ሞኔታ የተባለው የቴክኖሎጂ ድርጅት ከዳሸን ባንክ ጋር አሞሌ የተባለውን የሞባይል ክፍያ አመጣ።

እ.ኤ.አ. በ2020 አዳዲስ መመሪያዎች ወጡ። ባንክ ያልሆነ ድርጅትም የክፍያ አገልግሎት ፈቃድ መጠየቅ ቻለ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር በዚህ በር ገባ። እነ ቻፓ፣ እነ አሪፍፔይም ፈቃድ ያገኙት በዚሁ በር ነው። ድሮ ግዴታ የነበረው አሁን ምርጫ ሆኗል። ምርጫ ከሆነ ደግሞ አንዱ ሌላውን ለምን እንደሚፈልገው በደንብ ማወቅ አለበት።

እንግዲህ አንደኛው ነጥቤ ይኸውላችሁ። ለትልልቆቹ ነው። ደንበኛ ሁኑ።

እስቲ ወጣቶቹን ልጠይቅ። ከእናንተ መካከል በአንድ ትልቅ ድርጅት የሽልማት ዝግጅት ላይ ትልቅ የካርቶን ቼክ ይዞ ፎቶ የተነሳ አለ? እጃችሁን አንሱ። ብዙ ናችሁ። እንኳን ደስ አላችሁ። እጃችሁን አታውርዱ። አሁን፣ ሸላሚው ድርጅት ከዚያ በኋላ ምርቱን የገዛለት ብቻ እጁን ያቆይ። ኃላፊዎች፣ እባካችሁ ዞር በሉና እዩ። ስንት እጅ ቀረ?

ሽልማት ደስ ይላል፤ ለወላጅም ያኮራል። ግን ሽልማት አንድ ጊዜ ነው። ግዥ ሲሆን ገንዘቡ በሚቀጥለው ወርም ይመጣል። ግዥ ሲሆን ሶፍትዌሩን የምትጠቀመው ቴለር «ይሄ ቁልፍ ቦታው ልክ አይደለም» ትላለች፣ ይስተካከላል። ግዥ ሲሆን ሁለተኛው ባንክ «ማን እየተጠቀመበት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ የሚጠራ ስም አለ። ከዚያ ሁሉ በላይ፣ ግዥ ሲሆን ወጣቱ ጎንበስ ብሎ አመስጋኝ መሆኑ ቀርቶ ሻጭ ይሆናል። ደንበኛና ሻጭ እኩል ተያይተው ይነጋገራሉ።

ይሄን እኔ አልፈጠርኩትም። የጀርመኑ ቢኤምደብሊው እ.ኤ.አ. በ2015 ስታርትአፕ ጋራዥ የሚባል ክፍል አቋቋመ። ክፍሉ የስታርትአፖችን አክሲዮን አይገዛም። ምርታቸውን ነው የሚገዛው፤ ገና ጀማሪ እያሉ። ትክክለኛ የግዥ ትዕዛዝ ይሰጣቸዋል። ከራሱ መሐንዲሶች ጋር አገናኝቶ ምርቱን ያስሞክራል። ቴክኖሎጂው ከሠራ ቢኤምደብሊው ከተፎካካሪዎቹ ቀድሞ ያገኘዋል። ካልሠራ የጠፋው የአንድ ሙከራ ዋጋ ነው።

እኛ ጋ ለምን አይሆንም? ምክንያቱን ከውስጥ ሆኜ አይቼዋለሁ። ትልቁ ድርጅት ውስጥ ስሠራ ጎበዝ ኃላፊዎች ነበሩን። አዲስ ነገር አይጠሉም ነበር። ግን አንድ ኃላፊ ከውጭ አገር ታዋቂ ኩባንያ ሶፍትዌር ገዝቶ ሳይሠራ ቢቀር ማንም አይጠይቀውም። «ታዋቂውን ነው የገዛነው» ይላል፤ በዚያው ያበቃል። ከአገር ውስጥ ትንሽ ድርጅት ገዝቶ ሳይሠራ ቢቀርስ? ኦዲተር ይመጣል። «ለምን ከእነዚህ ገዛህ? ምን አገናኛችሁ?» ይባላል። እንጀራው ላይ የመጣ ጥያቄ ነው። ቤተሰብ አለው። ታዲያ ለምን ይድፈር?

ስለዚህ ለኃላፊው ድፍረት ስጡት ብዬ አልመክርም። ደንብ ስጡት ነው የምለው። ቦርዱ በዓመት የተወሰነ ገንዘብ ለሙከራ ግዥ ይመድብ። በዚያ ገንዘብ የሚገዛው ነገር ላይሠራ እንደሚችል አስቀድሞ በጽሑፍ ይቀመጥ። ገንዘቡ የት እንደዋለ በጥንቃቄ ይመዝገብ፤ ሙከራው አለመሳካቱ ብቻ ግን የኦዲት ግኝት አይባል። የቦርድ አባላት ካላችሁ ይሄን ያዙልኝ። ከዛሬው ንግግሬ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይሄን አትርሱ።

ከዚያ የጨረታ ሰነዳችሁን አውጥታችሁ አንብቡ። «ተመሳሳይ ሥራ ሠርቶ የመልካም ሥራ አፈጻጸም ማስረጃ የሚያቀርብ።» «የሦስት ዓመት በኦዲተር የተመረመረ ሒሳብ ያለው።» ሲፒኦ፣ ማለትም በባንክ የተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ። የመልካም አፈጻጸም ዋስትና። ዓምና የተቋቋመ ድርጅት የሦስት ዓመት ሒሳብ ከየት ያመጣል? ለጄኔሬተርና ለመኪና ግዥ የተጻፈውን መስፈርት ነው ለትንሽ የሶፍትዌር ሙከራ የምንጠቀምበት። ለሙከራ ግዥ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያና የሁለት ገጽ ውል ይበቃል። ሙከራው ተሳክቶ ወደ ትልቅ ግዥ ሲሄድ መስፈርቱ አብሮ ይደግ።

አሁን ወደ ክፍያ ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ብዙ ወጣት ድርጅት የሚሞተው እዚህ ነው።

አንድ ጊዜ ለአንድ ትልቅ ድርጅት ሥራ ሠራን። ስሙን አልጠራም። ሥራውን ወደዱት፣ ተረከቡን፣ ርክክቡ ተፈረመ። ከዚያ «ደረሰኝ ካልቆረጣችሁ ክፍያ አይዘጋጅም» ተባልን። ቆረጥን። የንግድ ሰዎች ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቁታላችሁ። ደረሰኝ ከተቆረጠ ቫቱን ማሳወቅና መክፈል ግዴታ ነው። 15 በመቶ። ገንዘቡ ከደንበኛው መጣ አልመጣ ገቢዎች አያገባውም። የእኛ ገንዘብ ደግሞ አልመጣም። ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነው። ፈራሚው መስክ ወጥቷል። ፋይሉ ለሕግ ክፍል ተመርቷል። ቫቱን ለደመወዝ ካስቀመጥነው አንስተን ከፈልን። የሠራተኛው ደመወዝ ዘገየ። ከልጆቻችን አንዱ የቤት ኪራይ ነበረበት፤ መጠበቅ አልቻለም፤ ለቀቀ። እንደሱ ያለ ፕሮግራመር እስካሁን አላገኘሁም።

ለዚያ ድርጅት የእኛ ኢንቮይስ ከብዙ ወረቀቶች አንዱ ነበር። ለእኛ ግን የወሩ ደመወዝ ነበር። ማንም ሊጎዳን አልፈለገም። ክፋት አልነበረበትም። ወረቀቱ በየጠረጴዛው ሲያድር እኛ ዘንድ ምን እየሆነ እንደነበር ያወቀ ሰው አልነበረም። እባካችሁ፣ ለትንንሽ ድርጅቶች በ30 ቀን ውስጥ ክፈሉ። ቅድሚያ ክፍያ ስጡ። ቅድሚያ ክፍያ ለማግኘት የባንክ ዋስትና አምጡ ስትሉ ደግሞ አስቡበት። ያንን ዋስትና ለማግኘት ባንኩ የገንዘቡን ያህል ማስያዣ ይጠይቃል። ማስያዣ ቢኖረው ቅድሚያ ክፍያ ለምን ይለምናል?

ትልቅ ድርጅት ለትንሽ ሲከፍል ምን እንደሚመጣ ላሳያችሁ። ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነው፤ አንዳንዶቻችን ክንድ ላይም ተወግቷል። ፋይዘር እ.ኤ.አ. በ1849 የተመሠረተ ግዙፍ የመድኃኒት ኩባንያ ነው። ባዮንቴክ በ2008 ጀርመን ማይንዝ ከተማ ተቋቋመ። ከመስራቾቹ መካከል ባልና ሚስቱ ሐኪሞች ኡጉር ሻሂንና ኦዝሌም ቱሬጂ ይገኙበታል። ኮሮና ሲመጣ ባዮንቴክ ገበያ ላይ የዋለ አንድም ምርት አልነበረውም። ግን ከፋይዘር ጋር እንግዳ አልነበሩም። ከ2018 ጀምሮ በኢንፍሉዌንዛ ክትባት ላይ አብረው ይሠሩ ነበር። ማርች 17 ቀን 2020 በኮሮና ክትባት ላይ እንደሚተባበሩ አስታወቁ። የገንዘቡ ዝርዝር ገና አላለቀም ነበር። ሥራው ግን ወዲያው ተጀመረ።

በሚያዝያ የገንዘቡ ስምምነት ይፋ ሆነ። እዚህ ላይ የፋይናንስ ሰዎች ጆሯችሁን ስጡኝ። የልማቱ ወጪ እኩል እኩል ነው ተባለ። ነገር ግን ፋይዘር መጀመሪያ ሙሉውን ይሸፍናል። ባዮንቴክ ግማሹን የሚመልሰው ክትባቱ መሸጥ ሲጀምር ነው። በዚያ ላይ ፋይዘር በመነሻው 185 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ፤ ከዚህ ውስጥ 113 ሚሊዮኑ በአክሲዮን መልክ ነው። አያችሁ? ትንሹ ድርጅት ድርሻውን ከመክፈል ነፃ አልተደረገም። የመክፈያ ጊዜው ነው የተመቻቸለት። ከዚያ ከ40 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ሙከራ ተካሄደ። ዲሴምበር 2 ቀን 2020 ብሪታንያ ክትባቱን ፈቀደች። ዘጠኝ ወር አልሞላም! ፋይዘር እንዲያ ያለ ሙከራ በየአገሩ የማካሄድ አቅም ነበረው። ባዮንቴክ ዕውቀቱ ነበረው። አንዳቸው ያለ ሌላቸው በዚያ ፍጥነት አይደርሱም ነበር።

«እሱ ፈረንጅ አገር ነው» የሚል ካለ፣ እዚሁ ያለውን እንይ። የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ «ክፍያ ፋይናንሻል ቴክኖሎጂ» ከተባለ ድርጅት ጋር ሚቹ የተባለውን የዲጂታል ብድር አቅርቧል። ለጥቃቅንና ለአነስተኛ ነጋዴ፣ በስልክ፣ ያለ ማስያዣ። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። በእኛ አገር ብድር ማለት ለረጅም ጊዜ የቤት ካርታ ማለት ነበር። መርካቶ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ስትሸጥ የምትውል ሴት፣ ገንዘብ በእጇ የሚዞር ሴት፣ ካርታ ስለሌላት ከባንክ ደጅ ትመለሳለች። ባንኩ ገንዘብና ፈቃድ ነበረው። እሷን በመረጃ መዝኖ «ትከፍላለች» የሚልበት ዘዴ ግን አልነበረውም። ያንን የቴክኖሎጂው ድርጅት አመጣ። ይሄ ነው አብሮ መሥራት። እያንዳንዱ ሌላው የሌለውን ይዞ መጣ።

ስለ ትልልቆቹ አንድ የመጨረሻ ነገር። ለሥራው አንድ ባለቤት መድቡ። ስም ያለው፣ መወሰን የሚችል ሰው። ደግሞም ምክትል ይኑረው። ከአንድ ሌላ ተቋም ጋር ሙከራ ጀምረን ጥሩ እየሄደ ነበር። ሥራውን የያዘልን ኃላፊ ወደ ሌላ ዲስትሪክት ተዛወሩ። አዲሱ ኃላፊ «እኔ አላውቀውም» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ የሚያውቅ ሰው አልተተወላቸውም። ሙከራው በዚያው ቀረ። አልተሳካም እንኳ አልተባለም።

አሁን ሁለተኛው ነጥብ። ወጣቶች፣ ወደ እናንተ ልምጣ። ባጭሩ ነው የምናገረው።

ወደ ትልቅ ድርጅት ስትሄዱ «አብረን እንሥራ» የሚል ደብዳቤ ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ በየቀኑ ይደርሳቸዋል። ከመሄዳችሁ በፊት ቅርንጫፉ ውስጥ ቁሙ። ወረፋው የት እንደሚረዝም እዩ። የትኛው ሥራ ሁለት ጊዜ በእጅ እንደሚጻፍ እዩ። ከዚያ «ይሄን ሥራ በዚህን ያህል እናሳጥራለን» በሉ። ኃላፊው ለአለቃው የሚናገረው ነገር ስጡት።

የትልቁ ድርጅት ጉልበት የት እንዳለም ለዩ። ኬንያ ውስጥ ኤም-ኮፓ የሚባል ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 የሶላር መብራት በዱቤ መሸጥ ጀመረ። ደሃው ቤተሰብ ለኬሮሲን ያወጣ የነበረውን ሳንቲም በየቀኑ በኤም-ፔሳ፣ በሳፋሪኮም የሞባይል ገንዘብ፣ ይከፍላል። መሣሪያው ውስጥ ሲም ካርድ አለ፤ ክፍያ ሲቋረጥ መብራቱ ይዘጋል፣ ሲከፈል ይበራል። ኤም-ኮፓ የራሱን የገንዘብ መሰብሰቢያ ልሥራ ቢል ኖሮ ገና እየሠራ ነበር። በሳፋሪኮም መረብ ላይ ቆመ። በየመንደሩ የሚከፍል ደንበኛ አገኘ። እኛስ ዛሬ ቴሌብር አለን፣ ኤም-ፔሳም በ2023 አገራችን ገብቷል። በእነሱ ላይ ምን ልንገነባ እንችላለን?

ደግሞ የሒሳብ መዝገባችሁን ከመጀመሪያው ቀን ያዙ። ማለቂያ ቀን የሌለው ነፃ ሙከራ አትጀምሩ። ቀኑን፣ የስኬት መለኪያውንና ከተሳካ በኋላ የሚከፈለውን ዋጋ በወረቀት ላይ አስቀምጡ። የመግባቢያ ሰነድ ፈርማችሁ ፎቶ ለጥፋችሁ ቤት አትግቡ። የመግባቢያ ሰነድ ደመወዝ አይከፍልም።

ሦስተኛው፣ ውል። ሁላችንም እንስማ።

እ.ኤ.አ. በ1980 አይቢኤም የዓለም ኃያሉ የኮምፒውተር ኩባንያ ነበር። የግል ኮምፒውተር ለማውጣት ቸኮለ። ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ለሚያሠራው ዋና ሶፍትዌር፣ ማይክሮሶፍት የተባለ ትንሽ ድርጅት ጋ ሄደ። ማይክሮሶፍት ራሱ የተዘጋጀ ነገር አልነበረውም። ሲያትል ካለ ሌላ ትንሽ ድርጅት ገዝቶ አስተካክሎ አቀረበ። ኮምፒውተሩ በነሐሴ 1981 ገበያ ወጣ። ውሉ ውስጥ ግን አንድ ነገር ነበር። ማይክሮሶፍት ሶፍትዌሩን ለሌሎች አምራቾችም የመሸጥ መብቱን አልሰጠም። ከዚያ ሌሎች አምራቾች ተመሳሳይ ኮምፒውተር መሥራት ሲጀምሩ ሁሉም ወደ ማይክሮሶፍት መጡ። አይቢኤም የግል ኮምፒውተር ሥራውን በ2005 ለሌኖቮ ሸጦ ወጣ። ማይክሮሶፍት የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። ሲያትል ያለው ያ ሦስተኛ ድርጅትስ? ሥራውን በትንሽ ገንዘብ አሳልፎ ሸጦ ነበር።

እኛ ጋ ብዙ ውል ላይ «ሶርስ ኮዱን» ማለትም ሶፍትዌሩ የተጻፈበትን ዋና ጽሑፍ «ያስረክባል»፣ «ለሌላ ባንክ አይሸጥም» የሚል አንቀጽ ይገባል። ዋጋው ደግሞ ለአንድ ሰው የዓመት ደመወዝ አይበቃም። ወጣቶች፣ ይሄን ከመፈረማችሁ በፊት ለጠበቃ አሳዩ። ኮዱ የእናንተ ይሁን፣ የመጠቀም መብቱን ሽጡ። ኃላፊዎች፣ እናንተም «ድርጅቱ ቢዘጋ ምን ይውጠናል?» ብላችሁ ብትሰጉ ስጋታችሁ ተገቢ ነው። ለዚያ መፍትሔ አለ። ኮዱ ገለልተኛ ሰው ጋ ይቀመጥ፤ ድርጅቱ ከተዘጋ ብቻ ይሰጣችሁ። ለሌላ አይሸጥ ካላችሁም ጊዜ ወስኑለት፣ ለዚያም ክፈሉ። ሁለተኛ ደንበኛ የተከለከለ ስታርትአፕ ይሞታል። ሲሞት ደግሞ ሶፍትዌራችሁን የሚጠግን ሰው አታገኙም።

የደንበኛ መረጃም አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። «መረጃ ስለሆነ አንሰጥም» ብሎ በር መዝጋት ቀላል ነው። አዋጁን አብረን እናንብበው። ስምና ስልክ የተነሳለት የሙከራ መረጃ አዘጋጁ። በእሱ ላይ ይሥሩ፣ ይፈተኑ። ካለፉ ወደ ዋናው ይግቡ።

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ሳትወጡ አንድ ነገር እንድታደርጉ እለምናለሁ። ከኋላ ባለው ጠረጴዛ ላይ ባዶ ወረቀት አለ። እያንዳንዱ ትልቅ ድርጅት ሦስት ነገር ይጻፍበት። አንድ፣ ዘንድሮ ሊፈታው የሚፈልገው ችግር። ሁለት፣ ለዚያ የሚመድበው ገንዘብ። ሦስት፣ ስልክ የሚያነሳ ሰው ስም። ወጣቶቹ ወረቀቶቹን እያነበባችሁ፣ መፍታት የምትችሉት ሥር ስማችሁን ጻፉ። አዘጋጆቹ ነገ ጠዋት ሁለቱን ወገን በስልክ እንደሚያገናኙ ቃል ገብተውልኛል።

አሁን ጥያቄ እንቀበል። ከፋይናንስና ከግዥ ክፍል የመጣችሁ ካላችሁ በእናንተ ብንጀምር ደስ ይለኛል። ስላዳመጣችሁኝ በጣም አመሰግናለሁ።